በትልልቅ ቁጥር እየዘለሉ መቁጠር ምንድን ነው?

በ2 በ2፣ በ5 በ5፣ በ10 በ10 እያልን ሁላችንም ልጅ ሆነን በዜማ ቆጥረናል። እየዘለሉ መቁጠር ማለት ይኸው ነው፣ ከአንድ ቁጥር ተነስቶ ሁሌ እኩል እየጨመሩ መሄድ። ክላስ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ 10 ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ለኔ ደግሞ ነገርየው የሚጥመው ከዛ በኋላ ነው፣ በ75 በ99 ሲዘለል።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ሱቅ የሚጠብቁ ልጆች አሉ፣ 75 ብር የሆነ እቃ ስድስት ብትገዙ ካልኩሌተር ሳይነኩ 450 ይሏችኋል። እያባዙ እንዳይመስላችሁ፣ 75፣ 150፣ 225፣ 300 ብለው ድፍኑ ላይ ይደርሱና ከዛ 375፣ 450 ነው። የመጨረሻ ሁለቱን አሃዞች ብቻ እዩዋቸው፦ 75፣ 50፣ 25፣ 00፣ ከዛ እንደገና 75። በ25 ስትቆጥሩስ? 25፣ 50፣ 75፣ 00። ያው መንገድ ነው፣ አንዱ የሚሄድበትን ሌላው ይመለስበታል። ለምን ቢባል 25 እና 75 ተደምረው 100 ስለሚሞሉ፣ 75 መጨመር ማለት 100 ጨምሮ 25 መቀነስ ነው። 99ም እንደዛው ነው፣ 99፣ 198፣ 297፣ 396 እያለ የመቶ ቤቱ በአንድ ሲወጣ የአንድ ቤቱ በአንድ ይወርዳል፣ መሀል ላይ ያለው 9 እስከ 990 ድረስ ንቅንቅ አይልም።

ዙሩ ስንት ዝላይ ላይ እንደሚገጥም ለማወቅ ደግሞ 6ኛ ክፍል አካባቢ የሰለቸን ትልቁ የጋራ አካፋይ እዚህ ጋ ስራ ያገኛል። የ75 እና የ100 ትልቁ የጋራ አካፋይ 25 ነው፣ 100 ሲካፈል ለ25 አራት፣ በቃ በአራት ዝላይ ይገጥማል። በ60 ከሆነ አምስት ነው፦ 60፣ 20፣ 80፣ 40፣ 00። በ37 ከሄዳችሁ ግን የጋራ አካፋያቸው 1 ብቻ ስለሆነ ከ00 እስከ 99 ያሉትን አንድም ሳታስቀሩ ሁሉንም ትረግጣላችሁ፣ 100 ዝላይ። ደሞ 37 ጊዜ 3 111 ስለሆነ በየሶስተኛው 111፣ 222፣ 333 ይመጣል። በ142857 የሚቆጥሩም አሉ፣ 285714፣ 428571 እያለ እስከ ስድስተኛው ድረስ ያው ስድስት አሃዞች ተራቸውን ጠብቀው ይዞራሉ፣ ሰባተኛው ላይ 999999 ይሆናል፣ አንድ ሲካፈል ለ7 የሚሰጠው ድግግሞሽ ስለሆነ ነው። ያምራል ግን ከማማር ውጪ ብዙም አይጠቅማችሁም።

የሚጠቅመው የኛው ባሕረ ሐሳብ ነው፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት። ሰው ከባድ ሚስጥር አድርጎት ይፈራዋል እንጂ ትልቁ ክፍሉ እየዘለሉ መቁጠር ነው። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን የፀሐይ 365 ነው፣ ልዩነቱ 11፣ ስለዚህ አበቅቴ የሚባለው የዚህ ልዩነት ጥርቅም በየዓመቱ በ11 ይዘላል፣ 30 ሲያልፍ 30 ይወጣለታል፦ 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6... የበዓላት ቀን ማውጫ የሆነው መጥቅዕ የሚባለው ቁጥር ደግሞ በ19 ይዘላል፦ 30፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24... ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ደምሯቸው፣ ሁሌ 30 ነው። ያው የ25 እና የ75 ጨዋታ፣ 100ው በ30 ተተካ እንጂ! ለምሳሌ 2017 ላይ ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረውን 5500 ዓመት ጨምራችሁ 7517ን ለ19 ስታካፍሉ 12 ይተርፋል፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ፣ ማለትም ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዙር ውስጥ ያለበት ቦታ፣ 11። አበቅቴው 11 ጊዜ 11፣ 121፣ ከሱ 120 ሲወጣ 1፣ መጥቅዑ 29። ይሄን መጥቅዕ ይዛችሁ ነው ነነዌና ፋሲካ ጋር የምትደርሱት።

የ11 እና የ30 የጋራ አካፋይ 1 ስለሆነ ዝም ብሎ ቢለቀቅ ዙሩ 30 ዓመት ይፈጅ ነበር፣ ግን ፀሐይና ጨረቃ በ19 ዓመት ስለሚገናኙ 18 ላይ የደረሰው አበቅቴ 29 መሆን ሲገባው 0 ይባላል፣ እዛ ጋ ዝላዩ አንዴ 12 ይሆናል ማለት ነው።

እንቁጣጣሽ የምትውልበት ቀንም እንዲሁ ነው። 365 ለ7 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ በየዓመቱ አንድ ቀን ትገፋለች፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን ሁለት። 2018 ሐሙስ ነበረች፣ 2019 አርብ፣ 2019 ዘመነ ሉቃስ ሆኖ ጳጉሜው 6 ስለሆነ 2020 ቅዳሜን ዘላ እሁድ ትገባለች። ይሄ ዙር በ28 ዓመት ይዘጋል። 19 እና 28 ደግሞ ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ የላቸውም፣ ስለዚህ ሁለቱ ዙሮች እኩል የሚዘጉት 19 ጊዜ 28 ማለትም 532 ዓመት ላይ ነው፣ ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር የሚሉት እሱን ነው።