በተወረሰ ንብረት ክርክር ሰነድ ማስቀረብ ምንድን ነው?

በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ ተከሳሽ ጥፋተኛ ተብሎ ከወንጀሉ ጋር የተያያዘ ንብረቱ እንዲወረስ ሲታዘዝ፣ በዚያው ቤት ወይም የባንክ ሒሳብ ላይ መብት አለኝ የሚል ሦስተኛ ወገን፣ የትዳር ጓደኛም ይሁን የንግድ ሸሪክ፣ በወንጀሉ ክርክር ጣልቃ መግባት አይፈቀድለትም። የሚሰማው ከመውረስ ትእዛዙ በኋላ ነው። የመጨረሻው ማስታወቂያ ከወጣበት ወይም ለእርሱ ከደረሰበት ቀን፣ ከሁለቱ ከሚቀድመው፣ በ30 ቀን ውስጥ በመሐላ ቃል የተፈረመ አቤቱታ ያቀርባል፤ ጉዳዩንም ዳኛው ያለ ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ሳይኖሩ፣ ያየዋል።

ሰነድ ማስቀረብ የሚባለው ከዚህ ችሎት በፊት ተከራካሪዎች በሌላው ወገን ወይም እንደ ባንክ ባለ ውጭ አካል እጅ ያለን ማስረጃ የሚጠይቁበት ሥርዓት ነው። በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደንብ 32.2 ፍርድ ቤቱ የፍሬ ነገር ክርክርን ለመፍታት አስፈላጊ ወይም ጠቃሚ ሆኖ ካገኘው፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች መሠረት ይህን ሊፈቅድ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ጠያቂው ፈቃዱን በምክንያት አስደግፎ መጠየቅ አለበት።

ምክንያቱ የሚመነጨው ከሕጉ አስቸጋሪ ክፍል ነው። ሕጉ የመንግሥትን መብት የሚቆጥረው ከፍርዱ ቀን ሳይሆን ወንጀሉ ከተፈጸመበት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ፣ አመልካቹ ያን ጊዜ ከተከሳሹ የበለጠ መብት እንደነበረው፣ ወይም ንብረቱ ሊወረስ እንደሚችል የሚያጠራጥር ነገር ሳይኖር ዋጋ ከፍሎ በቅን ልቦና እንደገዛው ማስረዳት ይኖርበታል፤ የማስረዳት ሸክሙም የእርሱ ነው። እንግዲህ ቀን ሁሉን ይወስናል። የቤቱን ቅድመ ክፍያ ከደመወዟ የከፈለች ሚስት፣ ክፍያውን የሚያሳየው የሒሳብ መግለጫ በብርበራ ከተያዙ ወረቀቶች መካከል ሆኖ በመርማሪዎች እጅ ቢገኝ፣ ያንን ሰነድ ሳታገኝ ሸክሙን እንድትወጣ መጠበቅ በእኔ እምነት ፍትሐዊ አይደለም።

ሆኖም ጥያቄው ሰነዱን፣ ጊዜውንና የሚያስረዳውን ጭብጥ ለይቶ መጥቀስ አለበት። ንብረቱ መወረስ አልነበረበትም ብሎ የወንጀሉን ፍርድ እንደገና ለመክፈት የሚቀርብ የሰነድ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ውድቅ ይደረጋል። ዐቃቤ ሕግም በበኩሉ የአመልካቿን የግብር መግለጫና የገቢ ምንጭ መጠየቅ ይችላል። የሰነድ ልውውጡ ሲያበቃ፣ ፍሬ ነገሩ ላይ እውነተኛ ክርክር አልቀረም የሚል ወገን ምስክር ሳይሰማ ውሳኔ እንዲሰጥ ሊያመለክት ስለሚችል፣ ያቺን የሒሳብ መግለጫ በጊዜው ያላስቀረበች ሚስት ቤቷን ከችሎቱ በፊት ልታጣ ትችላለች።