ቮልቴጅ ድሮፕ ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ቮልቴጅ ድሮፕን ያውቀዋል። ስሙን አያውቅ ይሆናል እንጂ። ማታ ቁጭ ባላችሁበት አምፖሉ ድንገት ደብዘዝ ይላል። ጎረቤት ምጣድ ሰክታለች ማለት ነው። ጋግራ ስትጨርስ ብርሃኑ ይመለሳል። አምፖሉ አልተበላሸም። ከምሰሶው የሚመጣውም እንደነበረ ነው። ከቆጣሪው ወደየቤቱ የተሳበው ቀጭን ሽቦ ግን የምጣዱን ሸክም አልቻለውም። ቮልቱን መንገድ ላይ በላው።

ነገሩ ይኸው ነው። ከምንጩ የተነሳው ቮልት ዕቃው ጋ እስኪደርስ መንገድ ላይ የሚጎድለው ቮልቴጅ ድሮፕ ይባላል። ምንጩ ባትሪም ሊሆን ይችላል፣ ቆጣሪም። መንገዱ ሽቦው፣ ፊውዙ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና መጋጠሚያው ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቆነጥራል። ጤነኛ መንገድ የሚቆነጥረው አይታወቅም። የታመመው ግን ሲሶውን ይወስድና ደህናውን ዕቃ «ተበላሸ» ያሰኘዋል።

እኔ ይህን በደንብ የገባኝ ጀልባ ላይ ነው። ሥራዬ የመኪናና የባጃጅ ኤሌትሪክ ነው፣ ከውሃ ጋር ብዙም አልተዋወቅም። ጎርጎራ ላይ ጀልባ ያላቸው ዘመድ አሉኝ፣ በእናቴ በኩል። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አያ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ደወሉልኝ።

«ፓምፑ ሞቷል። እዚያው ጎንደር ሌላ ፈልገህ ግዛልኝ።»

ስለ ፓምፑ ትንሽ ልበል። የአያ ጀልባ ሞተሩ ኋላ ነው። ሰው ሳይጭን ሲሄድ አፍንጫው ሽቅብ ይነሳል። ነፋስ ሲነሳ ጣና እንደ ቅል ያንሳፍፈዋል። ድሮ መላው የአሸዋ ጆንያ ነበር። ሁለት ሦስት ጆንያ ፊት ላይ ይደረደራል፣ መንገደኛ ሲሞላ ተሸክሞ ማውረድ ነው። ወገብ ይቆርጣል። በኋላ ፊት ላይ የፕላስቲክ በርሜል አሰሩና በ12 ቮልት ፓምፕ ከሐይቁ እየሳቡ ይሞሉት ጀመር። ሰው ሲበዛ ያው ፓምፕ ወደ ኋላ ዞሮ ውሃውን ይመልሰዋል።

ይህ ለክብደት ተብሎ የሚጫን ውሃ በመርከብ ሰዎች ዘንድ ባላስት ይባላል። ትልልቅ መርከቦች ጭነታቸውን ሲያራግፉ እንዳይንገዳገዱ ብዙ ሺህ ቶን የባሕር ውሃ ወደ ሆዳቸው ይስባሉ። ውጭ አገር ደግሞ በጀልባ እየተጎተቱ ሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡ አሉ። እነሱ የሚሞሉት ጀልባው ወደ ውሃው ገባ ብሎ ከኋላው ትልቅ ማዕበል እንዲተው ነው። ጀልባ ውስጥ የገባውን ውሃ ከሚያወጣው ፓምፕ ጋር አታምታቱት። ያኛው ከመስጠም ያድናል፣ ይህኛው ክብደት ይጭናል። በርሜሉ ደግሞ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ነው መሆን ያለበት። ግማሽ የሞላ በርሜል በማዕበል ሲዋዥቅ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ የሚያቃስት ፓምፕ ባላስት ላይ ቀልድ አይደለም። ግማሽ መንገድ ላይ ይተዋችኋል።

«መሞቱን እንዴት አወቁ አያ?» አልኳቸው።

«በርሜሉን በአሥር ደቂቃ የሚሞላው አሁን ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ሁለት ጊዜ ፊውዝ አቃጥሏል። ባትሪው አዲስ ነው። ልጁ በቴስተር ፓምፑ ጋ ሲለካው ደግሞ 12.6 ሞልቶ ይታያል። ምን ቀረ?»

ሙግቱ ያሳምናል። የሞላ ባትሪ ሳይሠራ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ነው የሚያሳየው። ያው ቁጥር ፓምፑ ጋ ከደረሰ መንገዱ ንጹሕ ነው ያሰኛል። «ሲለካ ፓምፑ ተነቅሎ ነበር ወይስ እየዞረ?» ብዬ ጠየቅሁ። ተነቅሎ ነበር።

ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው። ኦም የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ ሽቦ ላይ የሚጎድለው ቮልት የሚያልፈው አምፔር (የኤሌትሪኩ ፍሰት መጠን) በሽቦው ሬዚስታንስ (ፍሰቱን በሚያግደው ልክ) ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ፓምፑ ከተነቀለ የሚያልፍ አምፔር የለም። ቴስተሩ ራሱ የሚስበው ከምንም አይቆጠርም። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። ሽቦው ውስጥ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር ብቻ ብትቀር እንኳ ቴስተሩ ደረቱን ነፍቶ 12.6 ይላችኋል። እንደ ውሃ ላስቲክ አስቡት፤ ጫፉ ተዘግቶ ሳለ ውስጡ ያለው ግፊት ሙሉ ነው። የላስቲኩ መታጠፍ የሚታወቀው ጫፉን ስትከፍቱት ነው።

«ምንም አልገዛም፣ መጀመሪያ ልየው» አልኩና በማግስቱ አዘዞን፣ ቆላድባን፣ ጯሂትን አልፌ ወረድኩ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ነገር ላቤን አመጣው። ረዳቱ ፊውዝ ሲያልቅበት የተቃጠለው ላይ የሽቦ ክር ጠምጥሞ መልሶታል። አጠገቡ የቤንዚን ጀሪካን አለ። ፊውዝ የሚጠብቀው ፓምፑን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ሽቦው ከሚችለው በላይ ከሳበ እኔ ልቃጠል ብሎ ይቀድማል። የሽቦ ክር ጠምጥማችሁ ወይም በ10 አምፔር ቦታ 30 ሰክታችሁ ካለፋችሁት የሚቃጠለው ሽቦው ነው፣ ቀጥሎም ጀልባው። ልጁን ብዙ አልተናገርኩትም። እኔም ጀማሪ ሆኜ ባጃጅ ላይ አድርጌዋለሁ።

ጀሪካኑን አወጣን። ወለሉን ከፍተን የቤንዚኑ ትነት እስኪወጣ ጠበቅን። ቤንዚን በሸተተበት ቦታ ብልጭታ የሚፈጥር ነገር አይነካም። ክሩን አውልቄ ደህና ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ሰካሁ። ፓምፑን ከውሃው ጋር እንዳለ አስነሳነው። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ውስጡ የጎማ ክንፍ ስላለው በደረቁ ካዞራችሁት ጎማው ወዲያው ይበላል። እያቃሰተ ተነሳ።

አሁን ለካሁ። ባትሪው ላይ 12.3። ፓምፑ ጫፍ ላይ 8.3። ለ12 ቮልት የተሠራ ሞተር በ8.3 ሊሠራ ይታገላል። ከባትሪው እስከ ፓምፑ 4 ቮልት ጠፍቷል።

የት ጠፋ የሚለውን መከታተል ደስ የሚለው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ቴስተር ሲይዝ ቀዩን ጫፍ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለቱንም ጫፍ በአንዱ ሽቦ ላይ አድርጉ፣ ፓምፑ እየዞረ። ቀዩ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ የፓምፑ ፖዘቲቭ ላይ። የሚታየው ቁጥር በዚያ መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው፣ ምንም መቀነስ መደመር የለበትም። 0.5 አለኝ። ፊውዙና ማብሪያው ተጨምረውበት ይህ ምንም አይደል። ከዚያ ወደ ኔጌቲቩ ዞርኩ፣ የፓምፑ ኔጌቲቭና የባትሪው ኔጌቲቭ። 3.5። ሌባው ተያዘ።

ሁሉም ሰው ፖዘቲቩን ነው የሚጠረጥረው። ፊውዙም ማብሪያውም እሱ ላይ ስለሆነ ይመስለኛል። ኔጌቲቩ፣ መካኒኮች ማሳ የምንለው፣ ዝም ብሎ የሚመለስ መንገድ ነው ተብሎ ይረሳል። የሄደው ሁሉ ግን በዚያው ነው የሚመለሰው።

ከዚያ ሽቦውን በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ። ወለሉ ሥር፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ጥግ ላይ፣ አንድ ቦታ ሞቀኝ። ናስትሮ የተጠቀለለበት ቅጥያ ነው። ባትሪውን ነቀልኩና ናስትሮውን ፈታሁት። ለስልሶ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ውስጡ ሁለት ሽቦ ተጠማዞ ብቻ ነው የተያያዘው፣ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ነካ ሳደርገው ግማሹ ክር ረገፈ። ፓምፑ 7 አምፔር ይስባል። 3.5 ቮልት በ7 ሲባዛ 24.5 ዋት ነው። ያ ሁሉ እዚያች ጣት በማታህል ቅጥያ ላይ ሙቀት ሆኖ ሲወጣ ነበር።

ለምን ጀልባ ላይ ይህን ያህል ይጎዳል? የቤት ኤሌትሪክ የለመደ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከ220 ቮልት ላይ 2 ቢጎድል 1 በመቶ አይሞላም። ከ12 ላይ 2 ሲጎድል ግን 17 በመቶ ገደማ ሄደ። ደግሞ ቮልቱ ሲያንስ አምፔሩ ይበዛል። 100 ዋት የሚወስድ ዕቃ በቤት መብራት ግማሽ አምፔር እንኳ አይስብም፣ በ12 ቮልት ግን ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ የጀልባ ሽቦ የሚመረጠው በመብራት ሽቦ ዓይን አይደለም። ርቀቱም ሲሰላ መመለሻው ይቆጠራል። ፓምፑ ከባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ ሽቦው 10 ሜትር ነው። በባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 7 አምፔር ሲያልፍ ግማሽ ቮልት ገደማ ይጎድላል፣ በባለ 1.5 ደግሞ 0.8። በጀልባ ሥራ የተለመደው ልክ ለወሳኝ ዕቃ 3 በመቶ፣ ለሌላው 10 በመቶ ነው። በ12 ቮልት 10 በመቶው 1.2 ቮልት መሆኑ ነው።

ፊውዙስ ለምን ተቃጠለ? የሚዞር ሞተር በመዞሩ ብቻ አምፔሩን ይገታል። ሊነሳ አቅቶት የቆመ ሞተር ግን የሚገታው የለም፣ ያገኘውን ሁሉ ይስባል። የጎማው ክንፍ ብዙ ቀን ሳይሠራ ሲቀመጥ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ሙሉ ቮልት ቢያገኝ አላቅቆት ይነሳል። በ8 ቮልት ጉልበት አጥቶ ይቆማል፣ ፊውዙም ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፣ እኔም የተሸወድኩበት። ቮልቱ ፓምፑ ጋ ሲወርድ ሁልጊዜ ጥፋቱ የሽቦው አይደለም። ፓምፑ ውስጥ የሆነ ነገር ከተሰነቀረ፣ በደምቢያ በኩል እንግዲህ የእምቦጭ ሥር ነው የሚጠረጠረው፣ ሞተሩ ይከብደውና ብዙ አምፔር ይስባል። አምፔሩ ሲበዛ በጤነኛ ሽቦም ላይ ድሮፑ ይበዛል። ስለዚህ የፓምፑን ክዳን በካቻቢቴ ፈታችሁ ክንፉን አንድ ጊዜ ማየት አይከፋም። አምስት ደቂቃ ነው። በተቃራኒው ፓምፑ ጫፍ ላይ ከ11 በላይ ደርሶት ካልዞረ፣ ያን ጊዜ ፓምፑ ላይ ፍረዱ።

ሌላው እንደ አያ ወዲያና ወዲህ የሚዞር ፓምፕ ላላቸው ነው። ማብሪያው የሚያደርገው ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ማቀያየር ነው። በርሜሉን በደንብ እየሞላ ለማውጣት እምቢ ካለ ሞተሩም፣ ባትሪውም፣ ዋናው ሽቦም ደህና ናቸው። ማብሪያውን ወይም ሪሌውን (በኤሌትሪክ የሚታዘዘውን ማብሪያ) ብቻ እዩ። ይህን ሳይለዩ ፓምፕ የቀየሩ አውቃለሁ።

ጥገናው ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። የጠቆረውን ሽቦ የሚያበራ መዳብ እስካገኝ ቆረጥኩት። በአዲስ ሽቦ ቀጠልኩት፣ መጋጠሚያውን በፒንሳ አጥብቄ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ አለበስኩት። ዋናው ነገር ቅጥያውን ከወለሉ ሥር አውጥቼ ከፍ አድርጌ ማሰሬ ነው። የባትሪውን ጫፎች ጠርጌ ካጠበቅሁ በኋላ ቫዝሊን ቀባሁ። ከማጥበቅ በኋላ ነው፣ በፊት አይደለም።

አስነሳነው። ኔጌቲቩ ላይ 0.3። ፓምፑ ጫፍ ላይ 11.4። ድምፁ ራሱ ተቀየረ፣ ማቃሰቱ ቀርቶ ማፏጨት ጀመረ። አያ ሰዓታቸውን ይዘው በርሜሉ አጠገብ ቆሙ። አሥር ደቂቃ ሊሞላ ሲል ውሃው አፉ ላይ ደረሰ።

«ምን ያህል ነው ያልከው ቁጥሩ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። የባትሪው ሣጥን ክዳን ላይ በማርከር «11.4፣ ፓምፑ እየዞረ» ብለው ጻፉ። ረዳቱን ጠርተው አስነበቡት። ከዚያ «እየዞረ» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።