«ጣቷ ላይ ተለክታ ደህና ናት»፦ ስለ ትንፋሽ ጡንቻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ሁሉ «ጣቷ ላይ ተለክታ ደህና ናት ተብለናል» ይለኛል፤ ጣት ላይ የሚለካው በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው። ሰለቸኝ። ወደሱ ከመግባቴ በፊት ትንንሾቹን ላሳልፍ።

«ሲጋራ ያላጨሰ ሳንባው አይታመምም።» የኩበትና የእንጨት ጭስ ሲምግ የኖረ ሳንባም ይታመማል።

«ፊኛ መንፋት ያጠነክራል።» ፊኛ የሚነፋው በማስወጫ ጡንቻ ነው። ዋናው ሸክም ያለው ግን አየር በሚያስገባው፣ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም ላይ ነው።

«ስፒሮሜትሪ ተነሥቻለሁ፣ ጡንቻዬም ታይቷል።» አልታየም። ስፒሮሜትሪ ቱቦ ውስጥ በኃይል በመንፋት የሚደረግ የሳንባ ምርመራ ነው፤ በዋናነት የሚያሳየውም የአየር ቧንቧው መጥበቡን ነው።

አሁን ወደ ዋናው፦ «ኦክስጅኑ ጥሩ ከሆነ ትንፋሹም ጥሩ ነው።»

ጣት የምትቆነጥጠው መሣሪያ የምትናገረው ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ ብቻ ነው። በስንት ልፋት እንደገባ አታውቅም። ሁለት ጥማድ በሬ እኩል አርሰው ውለው አንዱ እጥፍ መኖ ቢበላ፣ የትኛው እንደሚያከስር ገበሬ ያውቃል። የትንፋሽ ጡንቻ ውጤታማነትም ይኸው ነው፤ የተሠራው ሥራ ከተበላው ኦክስጅን ጋር ይመዘናል። ጤነኛ ሰው ሲያርፍ ለመተንፈስ የሚያወጣው ሰውነቱ ከሚጠቀመው ኦክስጅን ከ5 በመቶ በታች ነው። ሕመሙ የጠናበት ሰው ብዙ እጥፍ ያወጣል።

አንዲት እናት ከመንዝ መጡ። ልጃቸው «92 ነው» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ላለ ሰው 92 በመቶ ኦክስጅን ብዙም አያስደነግጥም። እሳቸው ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ወደ ፊት አዘንብለዋል። ነጠላቸውን ገለጥ ሳደርገው የአንገታቸው ጡንቻ ተገትሯል፤ አየር በሳቡ ቁጥር ከአንገት አጥንታቸው በላይ ይሰረጉዳል። «እማማ፣ ከየት መጡ?» ስላቸው «ከመሐል...» አሉ፤ ትንፋሽ ወሰዱና «...ሜዳ» ብለው ጨረሱ። ይሄ ነው እንግዲህ «ደህና»!

ሳንባ ውስጥ አየር ሲታሰር ደረት ይነፋል፣ ድያፍራምም ወደ ታች ተገፍቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ሲጠፈጥፍ ያጥራል፤ ያጠረ ጡንቻ ደግሞ ቢኮማተርም የሚስበው ትንሽ ነው። ሰንፎ ግን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት ሕመሙ በጠናባቸው ሰዎች ድያፍራም ውስጥ ድካም የሚችለው የጡንቻ ክር እንደሚበዛ አሳይቷል።

ታዲያ በምን ይለካል? ጥንካሬው ቀላል ነው። አየሩን አሟጦ ማስወጣት፣ አፍንጫን መያዝ፣ በአፍ በሚያዝ ትንሽ የግፊት መለኪያ ባለ በሌለ ኃይል መሳብ። ውጤታማነቱ ግን የምርምር ላብራቶሪ ሥራ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ እስከ ምግብ ቧንቧ ይገባል፤ ጡንቻው የሠራው ሥራ በዚያ ይሰላል። የተበላው ኦክስጅን ደግሞ በጭንብል ይለካል፣ አንዴ በዕረፍት፣ አንዴ ትንፋሹ ሸክም ሲጨመርበት።

ቤት ውስጥ ይህ የለም፤ ዓይን ግን አለ። አንገታቸውን እዩ። በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል ይናገራሉ? ምግቡን ከፋፍላችሁ ጥቂት ጥቂት ስጡ፤ ሆድ ሲሞላ ድያፍራም ይጨናነቃል። ከንፈር አሹሎ ቀስ ብሎ ማስወጣትን አለማምዷቸው። «ይረፉ» ብላችሁ አልጋ ላይ አታስቀሯቸው፣ በአቅማቸው ይራመዱ። መድኃኒታቸውን አታቋርጡ። ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋቡ ወይም ቀን ሙሉ ካንቀላፉ ጣታቸውን እየለካችሁ አትቆዩ፤ ወደ ሐኪም ሩጡ።