ፉርጎ «ከአገልግሎት ወጣ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የመንገደኞች ፉርጎ «ከአገልግሎት ወጣ» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ተቆራርጦ የሚቀልጥ ይመስለዋል። አባባሉ ግን ያን ያህል አይናገርም፤ ፉርጎው መንገደኛ መጫን አቆመ ማለት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በተጠባባቂነት ሊቆም፣ ዕቃው እየተፈታ ለሌሎቹ መለዋወጫ ሊሆን ወይም ሊሸጥ ይችላል። በድሬዳዋ የባቡር ጣቢያ ግቢ የሚታዩት የድሮ ፉርጎዎችም መጓዝ አቆሙ እንጂ አልቀለጡም።

እኔን የሚገርመኝ የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2010 ድረስ ከ2,500 በላይ አሮጌ ፉርጎዎቹን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጥሟል። ብክነት ይመስላል፤ አይደለም። መንኮራኩሩ፣ በሩ፣ መስኮቱና ወንበሩ ይነቀል ነበር፤ ዘይትና ቅባቱ ይጸዳ ነበር፤ ከዚያ ባዶው ቀፎ በጀልባ ተጭኖ ወደ ባሕሩ ይገፋ ነበር። በአሜሪካዋ ደላዌር ግዛት በኩል የባሕሩ ወለል አሸዋ ብቻ ስለነበር ዓሣ የሚጠለልበት ጠንካራ ነገር አልነበረውም። በቀፎዎቹ ላይ ዛጎል ለበስ እንስሳት ተጣበቁ፤ ዓሣውም ምግቡን ተከትሎ መጣ። በየብስ ላይ ለመቆራረጥ ደግሞ በግድግዳቸው ውስጥ ያለውን አስቤስቶስ የተባለ ጤና የሚጎዳ ማዕድን ማስወገድ ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር።

ከሰጠሙት ፉርጎዎች አንዳንዶቹ ከተራ ብረት፣ ሌሎቹ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ነበሩ። የማይዝገው ብረት ይበልጥ ይጸናል ብሎ የገመተ ግን ተሳስቷል። ተራ ብረት የነበሩት፣ ቀይ ቀለም የተቀቡት ፉርጎዎች ቅርጻቸውን ይዘው ሲቆዩ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት ባሕር ዳርቻ የሰጠሙት የማይዝጉት በወራት ውስጥ ፈራረሱ። ኒው ጀርሲም ተጨማሪ መቀበሏን አቆመች።