የሰውነት እንቅስቃሴና ጤና በጎጃም

ጎጃም ውስጥ ስፖርት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ኳስ ነው። ይህ ዳሰሳ ግን ለጤና ተብሎ ወይም በኑሮ ግድ በየጊዜው ስለሚደረግ እንቅስቃሴ ነው፦ እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ብስክሌት፣ ፈረስ ግልቢያና የጉልበት ሥራ።

ስለ ጥቅሙ ከተደረጉ የቆዩ ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመው የጄሪ ሞሪስና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችን ከትኬት ቆራጮቹ ጋር አነጻጸሩ። ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቆራጮች ከሾፌሮቹ ያነሰ የልብ ሕመም ታየባቸው። ሾፌሮቹ ገና ሲቀጠሩም ወፈር ያሉ ነበሩ የሚል ክርክር በኋላ ተነሥቷል። ያም ሆኖ ቀጥለው የመጡት ጥናቶች ዋናውን ነጥብ አጽንተውታል። አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው ልቡ ይጠነክራል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ጡንቻው ስኳርን ከደም ውስጥ በተሻለ ይጠቀማል፣ የአጥንቱም መሳሳት ይቀንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል ማለት ነው። ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይጨመርበታል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው።

ለአእምሮም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። እንቅልፍ ይስተካከላል፣ ጭንቀት ይቀላል፣ ድባቴም ጋብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በ120 አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን የተራመዱት ሰዎች የማስታወስ ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍላቸው 2 በመቶ ያህል እንዳደገ አሳይቷል። ሁሉም ጥናት ይህን ያህል ውጤት አላገኘም።

የጎጃም ገበሬ ስፖርት ልሥራ ብሎ አያውቅም፤ ሥራው ራሱ ያላበዋል። እርሻው፣ አጨዳው፣ የገበያ መንገዱ አለ። ሴቶቹ ደግሞ ውኃና እንጨት ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ። ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ ነው፣ ግን ዕረፍት የሌለው ሸክም ወገብና ጉልበት ይጎዳልና ከስፖርት እኩል አይታይም።

ከሁሉም የሚያኮራው የአዊ ፈረሰኞች ባህል ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። መነሻው በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የተዋደቁ አባቶችንና ፈረሶቻቸውን ማሰብ እንደሆነ ይነገራል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ይከበራል። ፈረሱ በግንባር ጌጥና በኮርቻ ልብስ ተሸልሞ ይወጣል። ጋላቢው ሲፈጥን ከኮርቻው ብድግ ይላል፤ ክብደቱ እርካቡ ላይ ያርፋል፣ ጭኑና ጉልበቱ ፈረሱን አቅፎ ይይዛል፣ ሆዱና ጀርባው እንዳይወድቅ ሚዛን ይጠብቃሉ። ከወገብ በታች ያለው ጡንቻ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይጋልባሉ፣ ይህም ብዙ የሚያስተምር ነው። ፈረስ በአዊ የበዓል ጌጥ ብቻም አይደለም። ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለጉዞ ይፈለጋል፤ በፈረስም ይታረሳል።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሜዳማ ከተማ ናት፤ ለብስክሌት የተፈጠረች ይመስላል። ለረጅም ጊዜ የብስክሌት ከተማ ሆና ኖራለች፤ ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ግን ፔዳል የሚመታው ሰው ቀንሷል። አሁንም ጠዋት በጣና ዳር ሶምሶማ የሚሮጥ አይጠፋም።

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ ሰው መጀመሪያ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት በእርምጃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሩጫ መሸጋገር ይሻለዋል። የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር። ደረት ሲያስጨንቅ ወይም ራስ ሲያዞር ወዲያው መቆም ነው።

በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉ ሴቶች ቁጥር በዓለም ደረጃ ከወንዶች ይበልጣል። በከተማዎቻችን ጂም ቤቶች በአብዛኛው የወጣት ወንዶች መዋያ ሆነዋል። ለእናቶች ከጎረቤት ጋር ተቀጣጥሮ ማለዳ መራመድ ከሁሉም የሚቀለው መንገድ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ብቻ መውጣትንም ያስቀራል።