ወታደሩ ለሕዝብ የለቀቀው ኢንተርኔት የለም

የኮምፒውተር ኔትዎርክ በማስተምርበት ክፍል ስለ ኢንተርኔት አመጣጥ በጠየቅሁ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ የአሜሪካ ጦር ለራሱ ሠርቶት ኖሮ፣ ሲበቃው ለሕዝብ ለቀቀው የሚል። የጀማሪዎች መልስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ ነበር፤ ነገር ግን ከመመረቂያ ጽሑፎች መግቢያ ላይ ሳይቀር አነበዋለሁ።

ቀለል ያሉትን ስሕተቶች አስቀድሜ ልጨርስ። ኢንተርኔትና በእርሱ ላይ የሚሠራው የድረ ገጾች አገልግሎት፣ ዌብ፣ አንድ አይደሉም፤ ቲም በርነርስ ሊ የዌብን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1989 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ የአውሮፓውያን ናቸው) ሲያቀርብ ኢንተርኔት ሥራ ላይ ነበር። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው ኔትዎርክ፣ አርፓኔት፣ ከኑክሌር ጥቃት እንዲተርፍ ታስቦ ተሠራ የሚባለውም ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ከማደባለቅ የመጣ ነው። ከጥቃት የሚተርፍ መገናኛን ያጠናው በራንድ ተቋም ይሠራ የነበረው ፖል ባራን ነው፤ አርፓኔትን ያስጀመረውን ቦብ ቴይለርን ግን ያስቸገረው፣ ሦስት ኮምፒውተሮችን ለመጠቀም ቢሮው ውስጥ ሦስት ተርሚናሎችን መደርደር ግድ የሆነበት መሆኑ ነበር።

ወደ ዋናው ስሕተት ስመለስ፣ በ1969 በአራት የምርምር ተቋማት የተጀመረው አርፓኔት በመከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ መሠራቱን፣ ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት የሚነጋገሩባቸው ደንቦች፣ ቲሲፒ/አይፒም፣ ከዚያው ገንዘብ መወለዳቸውን የሚክድ የለም። የሚረሳው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አርፓኔት ላይ መግባት የሚችለው በጥቅሉ ከመከላከያ ጋር የምርምር ውል ያለው ተቋም ስለነበር፣ ብዙ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ውጭ ቀርተው ነበር፤ ለእነርሱ ሲባል በ1981 ሲኤስኔት በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ ተመሠረተ። በ1983 ወታደራዊው ክፍል ሚልኔት ተብሎ ተነጠለ፤ የቀረው አርፓኔት ደግሞ በ1990 ተዘጋ። ተዘጋ እንጂ ለማንም አልተለቀቀም።

ዩኒቨርሲቲዎችን በስፋት ያገናኘው ዋና መስመር የዚሁ የሳይንስ ፋውንዴሽን ኔትዎርክ፣ ኤንኤስኤፍኔት፣ ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ስሙን እንኳ ሰምተውት አያውቁም። ፋውንዴሽኑ በ1985 ዴኒስ ጄኒንግስ በመሩት ፕሮግራም ቲሲፒ/አይፒን ግዴታ አደረገ፤ በ1986 በገንዘቡ የሚደግፋቸውን የሱፐር ኮምፒውተር ማዕከላት በሰከንድ 56 ኪሎቢት በሚያሳልፍ መስመር አገናኘ። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ከክልላዊ ኔትዎርክ፣ ክልላዊው ከዋናው መስመር ጋር ስለሚያያዝ፣ ተጠቃሚው በፍጥነት በዝቶ መስመሩ ተጨናነቀ። በ1988 በሚሺጋን የነበረው የዩኒቨርሲቲዎች ኔትዎርክ ድርጅት፣ ሜሪት፣ ከአይቢኤምና ከስልክ ኩባንያው ኤምሲአይ ጋር ሆኖ ፍጥነቱን ወደ 1.5 ሜጋቢት አሳደገው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ወደ 45 ሜጋቢት ደረሰ።

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር እንደዛሬው ይሠራ ነበር ብሎ የሚያስብ ካለ፣ በጥቅምት 1986 በሎውረንስ በርክሊ ቤተ ሙከራና በጎረቤቱ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ፍጥነቱ ከ32 ኪሎቢት ወደ 40 ቢት መውረዱን ያንብብ። ላኪዎቹ ኮምፒውተሮች ምላሽ የዘገየባቸውን ፓኬቶች (ተከፋፍለው የሚላኩ የመረጃ ቁራጮች) ደጋግመው በመላክ መጨናነቁን ራሳቸው ያባብሱት ነበር፤ የዚያው ቤተ ሙከራ ተመራማሪ ቫን ጄኮብሰን ላኪው በዝግታ እንዲጀምር፣ ፓኬት ሲጠፋበትም እንዲቀንስ የሚያደርግ ዘዴ አወጣ። ይህም ዘዴ በወታደር ትእዛዝ አልመጣም።

ስለዚህ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ትምህርቱን 1969 ላይ አታቁሙት። ተማሪውን የመጀመሪያውን መልእክት ማን ላከ ብላችሁ ከምትጠይቁት፣ ገንዘቡን ማን ከፈለ፣ እንዲገናኝ የተፈቀደለትስ ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁት። በዚህ ጥያቄ የሚመጣው የኤንኤስኤፍኔት የአጠቃቀም ደንብ ነው፤ ደንቡ መስመሩን ለምርምርና ለትምህርት ብቻ ስለፈቀደው፣ መነገድ የፈለጉ ኩባንያዎች የራሳቸውን መስመር ዘርግተው በ1991 በጋራ የመገናኛ ነጥብ ተያያዙ። በሚያዝያ 1995 መንግሥታዊው ዋና መስመር ሲቋረጥ፣ ትራፊኩ የተሻገረው ወደ እነዚሁና ወደ መሰሎቻቸው የንግድ መስመሮች ነው።