ከፅንስ ማቋረጥ በኋላ የወር አበባ መቼ ይመለሳል?

ፅንስ ካቋረጡ ሴቶች የአብዛኞቹ የወር አበባ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመለሳል። መልሱ ይህን ያህል አጭር ነው። የሚያስቸግረው አቆጣጠሩ ነው። ከየትኛው ቀን ይጀመራል? የትኛው ደም የወር አበባ ነው፣ የትኛውስ አይደለም?

መቁጠር የሚጀመረው ፅንሱ ከተቋረጠበት ቀን ነው። ያን ቀን እንደ አዲስ ዑደት የመጀመሪያ ቀን መውሰድ ይቻላል። ፅንስ በራሱ ጊዜ ሲወርድም አቆጣጠሩ ያው ነው።

በእርግዝና ወቅት ኤች ሲ ጂ የሚባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይበዛል። ይህ ሆርሞን በብዛት እስካለ ድረስ ሰውነት አዲስ እንቁላል አያዘጋጅም። እርግዝናው ሲቋረጥ ሆርሞኑ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ አንጎልም እንቁላል ማሳደግ እንዲጀመር እንደገና ያዛል። እንቁላሉ ይወጣል። ካልተፀነሰ ደግሞ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ የማህፀን ግድግዳ ሽፋን ይፈርስና ደም ይመጣል። እርግዝናው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተቋረጠ ሆርሞኑ ቶሎ ይጠፋል። ከገፋ በኋላ ከሆነ ግን ትንሽ ይዘገያል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። እንቁላሉ ይቀድማል፣ ደሙ ይከተላል። ፅንስ በተቋረጠ በ8 ቀን እንኳ እንቁላል ሊወጣ ይችላል፤ በብዙ ሴቶች ላይ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ አንዲት ሴት የወር አበባዋን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታይ ዳግመኛ ልታረግዝ ትችላለች። "መጀመሪያ ወር አበባዬ ይምጣ፣ ከዚያ መከላከያ እጀምራለሁ" የሚለው ሐሳብ ስንቷን ሴት ላልፈለገችው እርግዝና እንደሚዳርጋት ሳስብ ያሳዝነኛል። አብዛኞቹን መከላከያዎች፣ እንክብሉንም፣ መርፌውንም፣ በክንድ የሚቀበረውንም፣ ፅንሱ በተቋረጠበት ዕለት ወይም በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት መጀመር ይቻላል። መጠበቅ አያስፈልግም።

ፅንሱ እንደተቋረጠ የሚፈሰው ደም የወር አበባ አይደለም። ማህፀን ውስጡን እያጸዳ ነው። በመድኃኒት ሲቋረጥ ይህ ደም ብዙ ጊዜ ወደ 2 ሳምንት ይቆያል፤ ጠብ ጠብ የሚለው ደግሞ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። በመምጠጫ መሣሪያ ሲቋረጥ አነስ ይላል፤ እምብዛም የማይደሙም አሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፅንሱ የተቋረጠው ሰኞ ነበር እንበል። ደሙ 9 ቀን ፈሰሰና ቆመ። በ3ኛው ሳምንት የውስጥ ልብስ ላይ ቡናማ ጠብታ ታየ፤ በማግስቱ ጠፋ። ይህ ብዙ ጊዜ የቀድሞው ደም ርዝራዥ ነው። በ5ኛው ሳምንት ጡት መወጠር፣ ሆድ መቁረጥ ጀመረ፤ ከዚያ እንደወትሮው ሞዴስ የሚያስቀይር ደም ለ5 ቀን መጣ። የወር አበባዋ ይሄኛው ነው።

የመጀመሪያው የወር አበባ ከለመዱት ሊለይ ይችላል። አንዳንዷ ላይ ይበዛል፣ የረጋ ደም ይኖረዋል፣ ቁርጠቱም ይጠነክራል። ሌላዋ ላይ ደግሞ ያንሳል። እንደ በፊቱ እስኪስተካከል 2 ወይም 3 ወር ቢፈጅ አያስደነግጥም።

ሌላው የሚያስደነግጠው የእርግዝና ምርመራ ነው። በ3ኛው ሳምንት በሽንት ተመርምራ ሁለት መስመር ያየች ሴት "አልወጣም ማለት ነው?" ብላ ትጨነቃለች። የቀረው ሆርሞን ምርመራውን ለ4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ማቅለሽለሹና የጡት ሕመሙ ጨርሶ ካልቀነሰ ግን መታየት አለባት።

መከላከያ የጀመረች ሴት የደሟን ሁኔታ ከመከላከያው ጋር አያይዛ መመልከት ይኖርባታል። መርፌውና በክንድ የሚቀበረው የወር አበባን ሊያዛቡት ወይም ጭራሽ ሊያስቀሩት ይችላሉ። በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን ያለው ሉፕም እንዲሁ። የመዳቡ ሉፕ በተቃራኒው ደሙን ያበዛዋል።

8 ሳምንት አልፎም ካልመጣ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል። አዲስ እርግዝና ሊኖር ይችላል፤ የቀድሞው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ከባድ ጭንቀት፣ ድንገተኛ የክብደት መቀነስና የእንቅርት እጢ ችግርም ያዘገያሉ። አልፎ አልፎ የማህፀን ግድግዳ ተጎድቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ይህ አሸርማን ሲንድረም ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1948 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ከገለጸው ሐኪም ነው። በመድኃኒት ከማቋረጥ ጋር እምብዛም አይያያዝም። በስለታም መሣሪያ ማህፀንን ከመፋቅ ጋር ግን ይያያዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመፋቅ ፋንታ መምጠጫ እንዲጠቀሙ የሚመክረውም ጉዳትን ለመቀነስ ነው። በየወሩ ሆድ እየቆረጠ ደም የማይታይ ከሆነ ይህን ለሐኪም መንገር ይገባል፤ ደሙ መውጫ አጥቶ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል።

8 ሳምንት የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። በሰዓት 2 ትልልቅ ሞዴስ የሚያርስ ደም ለተከታታይ 2 ሰዓት ከፈሰሰ፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ፣ በማስታገሻ የማይበርድ የሆድ ሕመም ወይም ራስን የሚያስት ድካም ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን በፍጥነት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርብ አራት ነገር ይዛ ብትሄድ ሥራው ይቀላል፦ ፅንሱ የተቋረጠበት ቀን፣ በመድኃኒት ይሁን በመሣሪያ፣ ደሙ ስንት ቀን እንደፈሰሰ፣ መከላከያ ጀምራ ከሆነም ዓይነቱን። ስልኳ ላይ በየዕለቱ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል።